በሚዛኑ ላይ የጨመርኩት ሁለት ኪሎ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ እስከ ግንቦት መጨረሻ ባሉት ወራት ነው። በሥራዬ ከማንም ሰው ላይ አንድ ግራም ሰርቄ አላውቅም፤ ብትፈልጉ እምላለሁ። ለአንዲት ልጅ ግን ሁለት ኪሎ ጨምሬላታለሁ። የጨመርኩላት እንደ ምርቃት አድርጌ ነበር። ዛሬም መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ሳይ ተሻግሬ በማዶ አልፋለሁ።

አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው አጥር ጀርባ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ መዛኝ ነኝ። ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም። ከጋዜጣ ቁርጥራጭ፣ ከለቅሶ ቤት ሙሾ፣ ጠላ ቤት ከሚዘፈነው ነው የለቀምኩት። የሰፈሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ "ባለግጥሙ" ይለኛል፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በፌዝ።

ሚዛናችን መሬት ላይ የሚቀመጥ ትልቅ የብረት ሚዛን ነው። ጆንያው መድረኩ ላይ ይወጣል። እኔ ከወዲያ በኩል ቆሜ፣ ዘንጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት ወዲያና ወዲህ እየገፋሁ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ቁጥሩን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። መድረኩ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው የዘንጉን ጀርባና የእኔን ፊት ነው።

ወይንሸት የእትዬ ዘነበች ልጅ ናት። እትዬ ዘነበች በድሮዎቹ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች በአንዱ ውስጥ ጠላ እየጠመቁ ይሸጣሉ። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ወደ ድሬዳዋ ተዛውረው ከሄዱ በኋላ መጀመሪያ መምጣታቸው ቀረ፣ ቀጥሎ ደብዳቤያቸው። ወይንሸት ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሏ አንደኛ ስትባል እንጂ ሁለተኛ ስትባል የሰማ የለም። ኅዳር ላይ ታይፎይድ ይዟት ሦስት ሳምንት ተኝታ ተነስታለች።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ለእናቷ የጠላ ገብስ ልትወስድ መጣች። ገብሱን መዝኜ ስጨርስ፣

"እኔንስ አትመዝነኝም?" አለች እየሳቀች።

"በኩንታል ነው በኪሎ?"

"እንዳሻህ።"

ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ጫማ የሚያወልቅ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ገረመኝ። ቁጥሩን አየሁ። እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ በኋላ የማነሳት ነርስ ስለ ቁጥር እንዳላወራ አስጠንቅቃኛለች። ብቻ ለቁመቷ ትንሽ አነስ ያለ ነበር።

እኛ ሰፈር ለሴት ልጅ "ወፈርሽ" ማለት "አማረብሽ፣ ተመቸሽ" ማለት ነው። ከበሽታ ለተነሳ ሰውማ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ጠያቂ ሁሉ "እሰይ፣ ወፈርሽ!" እያለ ነው የሚገባው፤ በሽተኛው አጥንት ብቻ ቢሆንም። እኔም ደስ ላሰኛት ብዬ ሁለት ኪሎ ጨምሬ ጠራሁላት።

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀዘቀዘ። "እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ።

"ሚዛን ይዋሻል እንዴ?" አልኳት።

ቶሎ ወረደች። የግራ እጇን አንጓ በቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ዙሪያውን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ገብሱን ተሸክማ፣ ደህና ዋል ሳትል ሄደች። ዓይን አፋር ናት አልኩ በልቤ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ገብስ አልፈለገችም። "እንዲሁ ሳልፍ ነው" አለችና ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ትመጣ ጀመር። ባቡሩ የሚያልፍበት ቀን የመጋዘኑ ሰዎች ጭነት ለማየት ወደ ጣቢያው ስለሚወጡ፣ እሷ ያቺን ሰዓት መርጣ ትገባለች። ሰው በሌለበት ሰዓት መርጣ የምትመጣ ልጅ ምን ልትፈልግ ትችላለች? እኔን ነው ብዬ አመንኩ። እናንተም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗችሁ፣ የሰው ሁሉ መቀለጃ ሆናችሁ ብትኖሩ ታምኑ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ያልበላ ሰው ለምን አልበላህም ተብሎ የማይጠየቅበት ጊዜ ነው። ወይንሸት እየከሳች መጣች። ይህን ሳይ ደግሞ እምነቴ ጠነከረ። በሰማሁት ዘፈን ሁሉ ያፈቀረ ሰው ይከሳል፤ ወፍራም አፍቃሪ የተገጠመለት የለም። የጉንጯን አጥንት አየሁና አሥራ ሁለት ስንኝ ጻፍኩ። የአንገቷን ሥር አየሁና ሌላ ስምንት። መጋቢት ውስጥ፣ ቆርቆሮው በሚግልበት በቀትር፣ ሁለት ሹራብ ደርባ ስትንቀጠቀጥ አየሁ። ክንዷ ላይ እንደ ሕፃን ያለ ስስ ጠጉር በቅሏል። ሁሉንም አየሁ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ማየትና ማወቅ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሚዛኑ ግን እየወረደ ነበር። ክብደቷ እንደወረደ ብነግራት ትደነግጣለች፣ ትታመማለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እሷ በቀነሰች ቁጥር እኔ ጨመርኩ። መጀመሪያ ሁለት የነበረው ሦስት ሆነ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያም ከዚያ በላይ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ከነገርኳት ቁጥር ከፍ እንጂ ዝቅ አይልም። "በርቺ፣ እያማረብሽ ነው" እላታለሁ። እሷ ደግሞ ከንፈሯን ነክሳ ትወርዳለች።

ፋሲካ ሆነ። ሰው ሁሉ ቅባት ቀምሶ ፊቱ ሲያበራ ወይንሸት ይበልጥ ጠቆረች። መጨነቅ የጀመርኩት ያኔ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ ጋሽ ደበላ የሚባሉ ተሸካሚ አሉ። ፋብሪካው ሳይመጣ እዚሁ አቃቂ ወንዝ ዳር ሲያርሱ ከኖሩ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ጆንያ ላይ አረፍ ብለው ሲያዩን ከርመው፣ እሷ ከወጣች በኋላ ጠሩኝ።

"አንተ ባለግጥም፣ ና እስቲ። ይቺ ልጅ ምንህ ናት?"

"ምንም… እንዲሁ ትመጣለች።"

"አንተን ብላ?"

አሳፈረኝ፣ ደስም አለኝ።

"እኔ እድሜ ልኬን ከከብት ጋር ነው የኖርኩት" አሉ። "ከብት ሣር እያለለት ከከሳ ሣሩን አትወቅስም። ሆዱ ውስጥ ያለውን ትፈልጋለህ። ይቺ ልጅ ስትመጣ አንተን አንድ ጊዜ አይታህ አታውቅም። ብረቱን ነው የምታየው።"

"ቅናት ይሆን ጋሽ ደበላ?" አልኳቸው፣ ለመቀለድ ያህል።

"እኔ ሰባት ልጅ አለኝ፤ በምን አቅሜ ነው የምቀናው!" ብለው ሳቁና ወዲያው ሳቃቸውን ተዉት። "ተው ልጄ። በቀልድ አትለፈው።"

ንግግራቸው እንደ እሾህ ተሰካብኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ከግጥሞቼ አንዱን በንጹህ ወረቀት ገልብጬ ይዤ ጠበቅኳት። መድረኩ ላይ ሳትወጣ ሰጠኋት። ወረቀቱን ሳትገልጠው አራት ቦታ አጠፈችና ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያም ወጥታ ቆመች።

"ስንት ነው?" አለችኝ።

ዓይኗን ያየሁት ያን ቀን ነው። የዘንጉ ጀርባ ላይ ተተክሏል። ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር። አፌ እንደለመደው ጨምሮ ጠራ። ስትወርድ የሚዛኑን ምሰሶ ይዛ ቆመች። "ምንም አልሆንኩም" አለች ሳልጠይቃት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ለእናቷ ልንገር? ምን ብዬ? ልጅዎን በድብቅ እመዝናታለሁ ብዬ? እውነተኛውን ቁጥር ለራሷ ልንገራት? ያን ሁሉ ጊዜ ዋሽቼ? ዛሬ ነገ ስል ሦስት ሳምንት አለፈ።

ግንቦት ሊያልቅ አካባቢ፣ አንድ ዓርብ፣ ወይንሸት መድረኩ ላይ እንደቆመች የመጋዘኑ በር ተበርግዶ ተከፈተ። እትዬ ዘነበች ነበሩ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጃቸው የጠላ አሻሮ እንደነካው ነው።

"እዚህ ነው የምትመጣው ሲሉኝ አላመንኩም ነበር!" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ የማታፍር! ምን አድርገሃታል?"

"እኔ? ምንም አላደረግኩም እትዬ!"

"ምንም? የወር አበባዋ ከቀረ አራተኛ ወሯ ነው። ጓሮ ሄዳ ስታስመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሳች፣ ምግብ ሸተታት። እኔ አልወለድኩም? ይህ ምን እንደሆነ አላውቅም? ሳሪስ አቦ ጠበል ሁለት ሳምንት አመላልሻታለሁ፤ ለካ በሽታዋ እዚህ ቆሞ ኖሯል!"

ወይንሸት "እማዬ፣ በእግዚአብሔር!" ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። እኔ እጇን እንኳ ይዤ አላውቅም። ከበሩ ውጭ ሰው መሰብሰብ ጀመረ።

ጋሽ ደበላ ጆንያቸውን ጥለው መሃል ገቡ። "ዘነበች፣ ረጋ በይ። እርጉዝ ሴት ትከብዳለች እንጂ ትቀላለች? እነሆ ሚዛን፣ እነሆ ልጅሽ። ጠይቂው ይንገርሽ።"

እትዬ ዘነበች የልጃቸውን እግር አዩ። ባዶ እግሯን ነበረች፤ ቁርጭምጭሚቷ የወፍ እግር መስሎ ይታያል። ከሹራብና ከረጅም ቀሚስ ውጭ ካዩዋት የቆዩ ይመስለኛል። ድምፃቸው ወርዶ፣

"ስንት ናት?" አሉኝ።

ሁሉም እኔን ያያሉ። ብረቷን ገፋሁ። ወደ ግራ፣ አሁንም ወደ ግራ። ሁለት ጊዜ ከጣቴ አመለጠችኝ። ቁጥሩ ካለፈው ጊዜም ወርዶ ነበር። እንደለመድኩት ልጨምር ወይስ እውነቱን ልናገር? እውነቱን ተናገርኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ክብደት ነበር።

እትዬ ዘነበች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ወይንሸት ግን ወደ እኔ ዞረች። "ዋሽተኸኝ ነበር?" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ፊቷ ቀስ እያለ በራ። ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ያላየሁት ሳቅ ፊቷን ሞላው። ሙሽራ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም። በሕይወቴ እንደዚያች ሳቅ ያስፈራኝ ነገር የለም።

እየሳቀች ለመውረድ አንድ እግሯን አነሳች፤ ወለሉ ላይ ወደቀች።

"ያ ዋቃዮ!" አሉ ጋሽ ደበላ፣ አምላካቸውን በኦሮምኛ ጠርተው። በአንድ ክንዳቸው አነሷት። ኩንታል የለመደ ክንዳቸው ቅለቷን ሲያውቅ ፊታቸው ተለወጠ። እየሮጡ ጋሪ ላይ ጫኗት። እናቷ ጭንቅላቷን ታቅፈው፣ እኔ እግሯን ይዤ ጤና ጣቢያ ደረስን። እግሯ በዚያ ፀሐይ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። ከጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ላኳት። የልቧ ምት በጣም ዘግይቷል አሉን።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እትዬ ዘነበችና እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ያን ሁሉ ሰድበውኝ ሲያበቁ፣ ከቤታቸው ያመጡትን ዳቦ ግማሹን ቆርሰው በዝምታ ሰጡኝ። አንዲት ጠና ያለች ነርስ፣ ሲስተር የምንላት፣ መጥታ አጠገባችን ቁጭ አለች።

"እርግዝና አይደለም" አለች። "ሰውነት በጣም ሲራብ የወር አበባም ይቀራል።" ቀጥላም፣ "ከእናንተ ወገን እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች።

እትዬ ዘነበች የዳቦውን ፍርፋሪ ከነጠላቸው ላይ አራገፉ። "እህቴ" አሉ በመጨረሻ። "አስናቀች። በሃያ ዓመቷ። ሆዷ ተዘጋ አልን፣ ዛር ነው አልን… ቀበርናት።"

ሲስተር ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "በደም የሚመጣ ነገር አለው። እንደ ዘር ተቀብሮ ይቆያል፤ ያለበት ሁሉ አያበቅለውም። ታይፎይዱ አከሳት። መክሳቱ በራሱ ደግሞ አእምሮን ይለውጣል፤ የተራበ አእምሮ ስለ ምግብና ስለ ክብደት ካልሆነ ሌላ ማሰብ አይችልም። በዚያ ላይ የአባቷ መቅረት አለ፣ የማትሪክ ፍርሃት አለ። ሁሉን ነገር አንደኛ ሆና ማድረግ የለመደች ልጅ፣ አለመብላትንም አንደኛ ሆና ያዘችው። ትዕቢት አይደለም፣ እልህም አይደለም። በሽታ ነው። ጠበሉን አትተዉ፣ ምግቡንና ሕክምናውንም አትተዉ።"

ተነስታ ልትሄድ ስትል ተከተልኳት። ከእትዬ ዘነበች ራቅ ስንል ስለ ሁለቱ ኪሎ ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት። "እኔ ነኝ ያመጣሁባት?" አልኳት።

ቆማ አየችኝ። "ይህን በሽታ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም" አለች። "ግን ንጹህ ነኝ ብለህም አትሂድ። እሳቱ ነዶ ነው የጠበቀህ፤ አንተ ጭራሮ ጨመርክበት። ከእንግዲህ ወፈርሽም፣ ከሳሽም እንዳትላት። ቁጥር ደግሞ በፊቷ አታንሳ።"

ወይንሸትን ለማየት የተፈቀደልኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። ገና ስገባ፣

"ለምን ጨመርክብኝ?" አለችኝ።

"ደስ እንዲልሽ።"

አፍጥጣ አየችኝ። ልትስቅ ፈልጋ እንባ ቀደማት። "ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ብቻ ጠጥቼ እመጣለሁ፤ አንተ ጨምረሻል ትለኛለህ። አየሩ ራሱ የሚያወፍረኝ ይመስለኝ ነበር። ሌሊት እየተነሳሁ ጓሮ እሮጥ ነበር፣ ታውቃለህ?" ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ሳበች። "አባባ ሄደ። ትምህርቱ ከበደኝ። ስታመም ሰውነቴም የእኔ አልሆነም። ይህ ብቻ ነበር እሺ የሚለኝ። አንተ ደግሞ እሱንም እንቢ አስባልከው።"

ይቅርታ ለመጠየቅ አስቤ የመጣሁትን ንግግር ሁሉ ረሳሁት። "ይቅር በዪኝ" ብቻ አልኩ።

"እውነቱን ንገረኝና ይቅር እልሃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ስንት ነበርኩ?"

አሁንም ያው ዓይን። አልጋው ላይ የተኛችው እሷ ናት፤ የምትጠይቀኝ ግን በሽታዋ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። "አልነግርሽም" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቅርታዋን እስካሁን አላገኘሁም፤ እንዲህ ባለ ዋጋ ደግሞ አልፈልገውም።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነገሩ ቀላል አልሆነም። እኛ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ስለምንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ የለም። ለካ ወይንሸት ለወራት ትሪው ላይ እጇን ስታመላልስ፣ ለእናቷ ስታጎርስ፣ ለጎረቤት ልጆች ስታጎርስ፣ ወደ አፏ የገባ አልነበረም። እናቷም "እጇ ሰፊ፣ ልጄ ለሰው አሳቢ" እያሉ ሲመርቋት ከርመዋል። ሆስፒታሉ ለብቻዋ ሳህን ይሁንላት ብሎ አዘዘ። ልጃቸውን ለብቻዋ ማብላት ለእትዬ ዘነበች ሞት ነበር። ጎረቤት "እናቷን ተጸየፈች" ብሎ አወራ። ቢሆንም የሸክላ ሳህን ገዙ። እሷ እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ማትሪኩን በዚያ ዓመት አልተፈተነችም። በጥቅምት አንድ ጊዜ ተመልሳ ሆስፒታል ገብታለች። ሲስተር ገና ረጅም ጊዜ ይወስዳል ብላናለች።

እኔ አሁንም መዛኝ ነኝ። ሰው ግን አልመዝንም፤ ለቀልድም ቢሆን መድረኩ ላይ የወጣ ሰው አስወርዳለሁ። ስለ ወይንሸት የጻፍኳቸውን ግጥሞች አቃጠልኳቸው፤ የጻፍኩት ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ሕመሟ ነበርና። ሰዎች ሲገናኙ "ወፍረሻል፣ ከስተሻል" ሲባባሉ ስሰማ ጆሮዬን እይዛለሁ። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም ክፉ አስቤ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ እነሱ ቤት ጎራ አልኩ። እትዬ ዘነበች ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ሲያዩኝ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አስቆሙኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፦ ወይንሸት ብቻዋን ተቀምጣ የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመች ነው። ማንም አላቀረበላትም፣ ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም። ራሷ ዘግና ነው።

ሁለታችንም እንደ ሌባ ትንፋሻችንን ውጠን አዳመጥን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ቆረጠመች። ከዚያ ድምፁ ቆመ። እትዬ ዘነበች ክንዴን ጨመቁት። ጥፍራቸው ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል። ቆየ። በጣም ቆየ።

ከዚያ እንደገና ቆረጠመች።